አራት ደቂቃ በማድረቂያው ክፍል

ሰኞ፣ የካቲት 3

ቡድን ተደለደልን። አራት ነን። ስም ዝርዝሩን ሳየው ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። ዳይሬክተር የሆነው ያ ገና አንድ ነገር ሳይሠራ "የኔ ስታይል" የሚለው ልጅ ነው። በልቤ ጌታው ነው የምለው። ካሜራ የሚይዘው ረጅሙ፣ ድምፅ የምትቀዳው ዝምተኛዋ። ሦስት ዓመት አንድ ክፍል ተምረን ስትናገር የሰማኋት ሁለቴ ቢሆን ነው… ድምፅ ላይ የመደባት ሰው ቀልደኛ መሆን አለበት። እኔ ኤዲተር።

ሥራው የትሪለር፣ የልብ አንጠልጣይ ፊልም መክፈቻ ነው። ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ የማይቀጥል፣ መጨረሻ የሌለው። መምህራችን "ተመልካቹ ከወንበሩ እንዳይነሣ አድርጉት፤ ሌላ አልጠይቃችሁም" አሉ። ከዚያ እያንዳንዳችን ግምገማ እንጽፋለን። ምን ሠራሁ፣ ምን ተማርኩ፣ ብደግመው ምን እቀይራለሁ… አንደኛ የወጣው ቡድን ቴሌቪዥን ጣቢያ ለልምምድ ይገባል። ስለዚህ አፌን ይዤ እሠራለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ካፍቴሪያ ተሰበሰብን። ጠረጴዛው እጅ ይይዛል። ረጅሙ በሌንስ መጥረጊያው ጨርቅ አፉን ጠረገ፤ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

የጌታው ሐሳብ ይሄ ነው። አንዲት ሴት ምድር ቤት ትወርዳለች፣ ደም የነካው አንሶላ ታገኛለች፣ በሩ ከኋላዋ ይዘጋል። ሴትየዋ ማን ናት? አልኩት። ምስጢር ነው አለ። ለምን ወረደች? እሱም ምስጢር ነው። አላሰበበትም ማለት ነው። ደሙን ግን አስቦበታል። ከቀይ ሥርና ከሳል ሽሮፕ ቀላቅሎ በጠርሙስ ይዞት መጥቷል። ደብተሬ ላይ አንጠብጥቦ "እዩት፣ ሕይወት አለው" ይላል። ዝንብ ወዲያው አመነበት።

ቦታ የለንም ሲሉ አክስቴ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ትሠራለች አልኩ። ተዋናይ የለንም ሲሉ እሷኑ አመጣሁ። ማን ጠይቆኝ?

ዓርብ፣ የካቲት 7

ለእታለም ነገርኳት። የእናቴ ታናሽ ናት፤ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ የትኛውን ቀሚስ ልልበስ አለች። ከራት በፊት መስተዋት ፊት ቆማ መፍራት ስትለማመድ አገኘኋት… የታመመች ዶሮ መሰለች። ነገርኳት። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

አለቃዋን እሑድ ሥራ ስለማይኖር አስፈቅዳለች። ለሥራ ጓደኞቿ በሙሉ ተዋናይ ሆኛለሁ ብላ አውርታለች። አሁን መመለሻ የለም።

እሑድ፣ የካቲት 9

አስቀያሚ ቀን።

ላውንደሪው ከመሬት በታች ነው። የረጠበ ፎጣ ሽታ፣ የበረኪና ሽታ፣ የፍሳሽ ወንፊቱ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የፀጉር ድብልብል። በዚያ ላይ የጌታው ደም ተጨመረ። ሲሞቅ ይባስ ብሎ ይከረፋል። እታለም ያን አንሶላ አሥራ አንድ ጊዜ አንሥታ አሥራ አንድ ጊዜ ደነገጠች። በየጊዜው ጉንጯን ትይዛለች። ጌታው ከካሜራው ጀርባ "ትያትር" እያለ ያጉረመርማል። እየሰማችው። ፊቷ እየቀላ "እሺ የኔ ጌታ፣ እንደገና" ትላለች።

ማድረቂያው ክፍል ውስጥ ስትገባ በሩ ሥር የሳሙና ሣጥን አስደገፈች። በሩ ከውስጥ አይከፈትም፤ የውስጡ እጀታ ከተነቀለ ዓመት አልፎታል። ጌታው ሣጥኑ ፍሬም ውስጥ ይገባል ይነሣ አለ። አይሆንም አለች። ለስላሳ ሴት ናት፣ እዚያ ላይ ግን ድንጋይ ሆነች።

እሷ ልብስ ስትቀይር ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ጌታው ተዋናይ እንቀይር አለ። ያን ጊዜ ተናገርኩ። እታለም ዝግ ክፍል አትችልም አልኳቸው። ሊፍት አትገባም። ልጅ ሆና ሰው ቤት ስትሠራ እመቤቲቱ በወጣች ቁጥር ዕቃ ቤት ትቆልፍባት ነበር። አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ። ይሄን ከኔ ሌላ የምታውቀው እናቴ ብቻ ናት።

ሦስቱም ወደኔ ዞሩ። በዚህ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ የምናገረውን ሰሙ። ደስ አለኝ። ልጻፈው፣ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ጌታው ኮሪደር ላይ ያዘኝ። ሐሳብ አለው። ቃሉን እንኳ ልደግመው ይቀፈኛል፤ "እውነተኛ ስሜት" አለ። ሣጥኑን እናነሣለን፣ እሷ ገብታ ወደ መደርደሪያው ስትዞር በሩን እንገፋዋለን። ካሜራው ክፍሉ ውስጥ በሦስት እግር ማቆሚያው ቆሞ ይቀዳል። ሠላሳ ሰከንድ።

እምቢ አልኩ።

"ሠላሳ ሰከንድ እኮ ነው፣ ስሚኝ። ስትወጣ እሷ ራሷ ትስቃለች።"

ቀጥሎ ስለ ቴሌቪዥን ጣቢያው አወራኝ። እሺ ያልኩት የቱ ጋ እንደሆነ አላስታውስም።

እሑድ፣ የካቲት 16

አደረግነው።

ሣጥኑን ረጅሙ አነሣ። በሩን ጌታው ገፋ። ሠላሳ ሰከንዱ አለፈ፣ እሷ ትጮሃለች፣ ጌታው አልከፍትም አለ። ምን ላድርግ? በትከሻው በሩን ይዟል። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ጠፋ፣ ተከፈተ።

ፎጣ ክምር ላይ ተቀምጣለች። ላቧ ቀሚሷን አልፎታል። የሁለት ጣቷ ጥፍር ተሰብሯል። አየችን፣ አራታችንንም በየተራ፣ ከዚያ ፀጉሯን አስተካከለች።

"ይቅርታ ልጆች… በሩ ተቀርቅሮብኝ ነው። ሥራችሁን አበላሸሁባችሁ። ልድገመው?"

"ኧረ በቃን" አለ ጌታው። ጥርሱ በሙሉ ይታያል። ዞር ብሎ ለረጅሙ አውራ ጣቱን አነሣለት። ሰው እንዴት እንደዚህ ይሆናል?

ሰኞ፣ የካቲት 17

እታለም እንደ ወትሮው ተነሣች፣ ቁርስ ሠራችልኝ፣ ሥራ ሄደች። ጣቷ ላይ ፕላስተር አለ። አልተነጋገርንም።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ኤዲቲንግ ክፍል፣ ከጠዋት ጀምሮ። ኪቦርዱ ላይ የሰው ሁሉ ቅባት አለ። የጆሮ ማዳመጫው ስፖንጅ የሌላ ሰው ላብ ይሸታል።

ቀረጻው አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ሠላሳ ሰከንድ ያልነው። እና የሚያስጠላው ነገር… ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ከጣሪያው ሥር ካለችው ትንሽ መስኮት የሚገባው ብርሃን፣ በሩን የምትዳብስበት እጇ፣ ሁሉም። በአድናቆት ጭንቅላቴን ስነቀንቅ ነቃሁ፤ የት ጋ እንደምቆርጠው እያሰብኩ ነበር።

ሁለተኛው ደቂቃ ላይ በጩኸቷ መካከል ሌላ ድምፅ አለ። ከበሩ ውጭ። የሴት። ዝምተኛዋ መስላኝ ተናደድኩባት። መልሼ ሰማሁት። ሦስቴ።

"ቆይ፣ ገና ነው… አትክፈተው።"

የኔ ድምፅ ነው።

አሁን ትዝ አለኝ። አሁን ነው ወይስ አልረሳሁትም ነበር? ረጅሙ አላስቻለውም። ጌታውን ገፋ አድርጎ እጀታውን ሊይዝ ሲል እጁን ያዝኩት። ጩኸቷ እየተለወጠ ስለነበር። ከድንጋጤ ወደ ሌላ ነገር እያለፈ። አሁን ከተከፈተ ያመልጠናል ብዬ። እሑድ የጻፍኩትን ገልጬ አየሁ፤ "ጌታው አልከፍትም አለ" ይላል። ማንም በማያነበው ደብተር፣ ለራሴ፣ ዋሸሁ።

ማይክሮፎኑ ክፍሉ ውስጥ ነበር፣ መደርደሪያው ላይ፣ ከፎጣ ጀርባ። እሱ ከሰማ እሷም… ከዚያ በኋላ ያለውን አዳመጥኩ። እታለም ከኔ ድምፅ በኋላ አልጮኸችም። አንድ ጊዜ እንኳ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ትንፋሿ ብቻ ነው ያለው። እኛ ውጭ ሆነን ተረጋጋች ብለን ነበር።

ምን እንዳደረግሁ ልጻፍ። ድምፄን ቆርጬ አወጣሁ። ቦታውን በማድረቂያ ማሽን ጉርምርምታ ሞላሁት። ንጹሕ ሥራ፣ ማንም አያውቅም።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ለቡድኑ አሳየሁ። ጌታው አጨበጨበ። ግምገማውን ከወዲሁ ጽፎ ጨርሷል፤ "ከተዋናይዋ ጋር በመተማመን ላይ የተመሠረተ አሠራር ተከትለናል" ይላል። ጮክ ብሎ አነበበልን። ረጅሙ ጫማውን ያያል።

ስወጣ ዝምተኛዋ ተከተለችኝ። ያን ቀን የጆሮ ማዳመጫው እሷ ጆሮ ላይ ነበር።

"ድምፅሽን አውጥተሽዋል አይደል? … እኔም ሁሉንም እየሰማሁ ዝም አልኩ" አለች።

ለካ አራታችንም አንድ ነን። ጌታውን መጸየፍ ደስ ይለኝ ነበር፣ ራሴን ያስረሳኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ነገርኳት።

የሥራ ሸሚዟን እየተኮሰች ነበር። በሩ አልተቀረቀረም፣ እኛ ነን የዘጋነው አልኩ። ከሸሚዙ ላይ ቀና አላለችም።

"አውቃለሁ። ድምፅሽን ሰማሁ እኮ።"

እጅጌውን ገለበጠች።

"መጀመሪያ ስሰማሽ ደስ አለኝ። እሷ እዚያ አለች፣ ልትከፍትልኝ ነው ብዬ። ከዚያ ያልሽውን ሰማሁ።"

ለምን አልተናገርሽም አልኳት። ምን ብዬ? አለች። ጓደኞችሽ ፊት? እንዳታፍሪ ብላ ነው ይቅርታ የጠየቀችን። እኔ እንዳላፍር።

ተነፈስኩ፣ የባሰው አልፏል መሰለኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ።

"ያ ልጅ በሩን እንደምፈራ እንዴት አወቀ? ስለ ዕቃ ቤቱ የነገረው አለ?"

ይሄን አላወቀችም ነበር። ስድስት ቀን ሙሉ አጋጣሚ ነው ብላ ይዛው ኖራለች። እኔ አልኩ። ሁሉንም? ሁሉንም። ካውያውን ነቀለችና ሸሚዙን ግማሹን ሳትተኩሰው ትታ ጓሮ ወጣች። ለረጅም ጊዜ አልገባችም። ገብታ ራት አቀረበች፣ የኔን ለብቻው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ያን ቀረጻ አውጥቼ የመጀመሪያውን እሑድ አስገባሁ፤ ጉንጭ የሚያዝበትን። ዋናውን ፋይል አጠፋሁ። ዝምተኛዋ ቅጂ ነበራት፤ ሳልጠይቃት አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው፣ እሱንም አጠፋን። ጌታው ሲሰማ ቅናተኛ፣ ሰነፍ፣ ከሀዲ አለኝ። የመጨረሻዋ ልክ ናት፤ የካድኩት ግን እሱን አይደለም።

ዓርብ፣ የካቲት 28

ክፍል ውስጥ ታየ። ሳቁ። እታለም አንሶላውን አንሥታ ጉንጯን ስትይዝ ከኋላ አንዱ ዶሮ ሆኖ ጮኸ። መምህራችን እንኳ አፋቸውን ሸፈኑ። አራተኛ ወጣን፣ ከአራት። ቴሌቪዥን ጣቢያው ቀረ።

በዚህም ስሟን መሳቂያ አደረግሁት። ከሁለቱ የትኛው ይሻላት ነበር? መጠየቅ ነበረብኝ። አሁንም አልጠየቅኋትም፣ አሁንም እኔ ነኝ የወሰንኩላት።

ግምገማዬን አስገባሁ። ምን ሠራሁ የሚለው ሥር የሆነውን በሙሉ ጻፍኩ፣ የዕቃ ቤቱን ታሪክ ብቻ ትቼ። ምን ተማርኩ የሚለውን ባዶ ተውኩት። በሷ ፍርሃት የተማርኩት ነገር አለ ብዬ ነጥብ ልቀበልበት? ይቅርብኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

እታለም ታናግረኛለች። ጨው አቀብይኝ፣ ውኃ መጥቷል፣ ደጁ ተንኳኳ። ልጄ አትልም።

ዛሬ አናጢ አመጣች። ምን ሊሠራ እንደመጣ አልነገረችኝም። የሷን መኝታ ክፍል ቁልፍ ከነቤቱ ነቀለ፣ ቀጥሎ የመታጠቢያ ቤቱን፣ የወጥ ቤቱን። እኔ ክፍል ሲደርስ ቆም ብሎ አያት።

"ይሄም?"

"ይሄም።"

በሩ እንዳይወዛወዝበት ያዝኩለት። ብሎኑ ዝጎ አስቸገረው። ቁልፉ የነበረበት ቦታ ላይ ክብ ቀዳዳ ቀረ፤ በዚያ በኩል እታለም ኮሪደር ላይ ቆማ ቀሚሷ ይታየኛል። ሰውየው ጨዋታ ወዳድ ነው። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ቁልፍ አስገጥሙኝ እንጂ ንቀልልኝ ያለኝ የለም አለ። ምን ሆናችሁ ነው፣ የሚቆልፍባችሁ ሰው አለ እንዴ?

እታለም መልስ አልሰጠችውም። ጠበቅኋት። እንደዚያ ቀን ልትሸፍንልኝ ነው ብዬ ጠበቅኋት… አልሸፈነችልኝም።

"እኔ ነኝ" አልኩት። "እኔ ነኝ የቆለፍኩባት።"

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሁለታችንም ሳንስቅለት ስንቀር መዶሻውን አነሣና ሥራውን ቀጠለ።