ለእማዬ የማይነበበው ወረቀት

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእታለም አሰለፈች፤ መሐል ሜዳ።

እንዴት ነሽ? እማዬስ እንዴት ናት፣ ጉልበቷን ተሻላት ወይስ አሁንም ግድግዳ እየተደገፈች ነው የምትነሳው? ልጅሽ ሮማነወርቅ አደገች? በልጉስ እንደ ፈራችሁት ቀረ ወይስ ዘግይቶም ቢሆን ጣለላችሁ? ሁላችሁንም በያላችሁበት እጅ ነስቻለሁ። ስለ እኔ «ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

ለእማዬ የሚነበበውን በሌላ ወረቀት ጽፌ አብሬ ልኬዋለሁ። ይህን ግን ለብቻሽ አንብቢው።

«ይህን ሁሉ ተምሮ የቢንቢ እረኛ ሆነ» እያልሽ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ሥራችን የትኩሳት ቫይረስ ወደ ቢንቢዋ ሰውነት እንዴት እንደሚገባ ማጥናት ነው። አለቃዬ ዶክተር መርዳሳ ሲያስረዱኝ፣ ቫይረሱ በር አይሰብርም አሉኝ። ቢንቢዋ ከታመመ ሰው ደም ጋር ትጠጣዋለች። ሆዷ ውስጥ፣ ሕዋስ ከሚባሉት በዓይን ከማይታዩ ክፍሎች አንዱን ይጠጋና እንደ መሸበት መንገደኛ ደጅ ላይ ይቆማል። ሕዋሱም የሚጠቅመው ነገር መስሎት በገዛ ቆዳው አቅፎ ያስገባዋል። ያቀፈበት ከረጢት ውስጡ እየኮመጠጠ ሲሄድ፣ እንግዳው ሾልኮ ይወጣና ቤቱን የራሱ ያደርገዋል። ቢንቢዋ ግን አትታመምም፤ እስክትሞት ተሸክማው ትዞራለች። ያን ጊዜ ትዝ ያለችኝ እማዬ ናት፤ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ላላት ሁሉ በሯን የምትከፍተው። እዚህ የእኔን በር ሦስት ዓመት ሙሉ ያንኳኳ ሰው የለም።

ጥፋቴም የመጣው ከዚሁ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ ቫይረሱ ላለባቸው ቢንቢዎች በስኳር ውሃ የራሰ ጥጥ ልቀይር ጓንት ያጠለቀ እጄን ሳጥናቸው ውስጥ እንዳስገባሁ፣ ዘበኛችን ጋሽ ፉፋ ደብዳቤ ይዘውልኝ መጡ። እማዬ ያስጻፈችሽ ነው፤ ስምንት ወር የጠበቅኩት። እጄን አውጥቼ፣ ሳጥኑን ዘግቼ ማንበብ ነበረብኝ። አላስቻለኝም። ፖስታውን በጥርሴ ቀድጄ በአንድ እጄ ማንበብ ጀመርኩ። ዳልቻዋ ላም መውለዷ የተጻፈበት ጋ ስደርስ፣ ጓንቱ ሸሽቶ ኖሮ አንዷ አንጓዬን ነደፈችኝ።

ይህ ትኩሳት ክትባትም መድኃኒትም የለውም፤ አንዳንዱን ይምራል፣ አንዳንዱን ይዞት ይሄዳል። ይዞኝ እንደሆነ እስከ አሥራ አራት ቀን ይለያል፤ ዛሬ ሰባተኛዬ ነው። የከተማው ቢንቢ ከእኔ ወስዳ ለሌላው እንዳታደርስ መስኮቱ ወንፊት የተሠራለት ክፍል ውስጥ ዘግተውብኛል። አሁን ሳጥን ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ጋሽ ፉፋ በመስኮቱ «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ» ብለው የሙቀቴን ልክ ይጠይቁኛል፤ ከእሳቸው በቀር የሚያናግረኝ የለም። እታለም፣ እፈራለሁ። ከሞቱም ይልቅ ብቻዬን መሞቱን።

ደብዳቤ ሳነብ መነደፌን እማዬ እንዳትሰማ አደራ፤ ከሰማች ሁለተኛ አታስጽፍልኝም። ጻፉልኝ፤ ከእንግዲህ ሥራዬን ጨርሼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ቁጭ ብዬ ነው የማነበው።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ሮማነወርቅን ጉንጮቿን። አጎታችን ጋሽ ሰብስቤ እንዲጸልዩልኝ ንገሪያቸው፤ ለምን እንደሆነ ግን አትንገሪያቸው። ጎረቤታችንን እትዬ ሸዋወርቅን፣ ጥጃዋንም ሳይቀር ሰላም በይልኝ።

ትኩሳቱ ከጀመረኝ ጋሽ ፉፋ ያኔውኑ ቴሌግራም ሊያደርጉላችሁ ምለውልኛል። ደብዳቤ እናንተ ዘንድ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ቴሌግራም ይቀድመዋል። ስለዚህ ምንም ቴሌግራም ሳይመጣ ይህ ወረቀት እጅሽ ከገባ፣ መጀመሪያ ላይ ያልጻፍኩትን ቃል አንቺ ሙይበት፤ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ።

ወንድምሽ ገሠሠ
ናዝሬት፣ ግንቦት 9 ቀን 1976 ዓ.ም.