በእርሳስ ነጥብ የተደረገባቸው መዝገቦች

ሰኞ፣ ኅዳር 15

አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድኩት። የተባልኩት አንድ አንቀጽ ነው፤ «የሙያ ታሪክ»፣ ከአሥር መስመር ያልበለጠ። ዶክተር መስፍን ለሁለት ዓመት የሚቆይ ጥናት ሊጀምር ነው፤ በወረዳ ፍርድ ቤቶች መዝገብ እንዴት እንደሚከፈት፣ ለምን እንደሚጓተት፣ እንዴት እንደሚዘጋ። ዓርብ ወልድያ ላይ ገምጋሚ ኮሚቴ ይቀመጣል። ሦስት ነን፤ እሱ፣ አንዲት የስታትስቲክስ መምህርትና እኔ። ኮሚቴው እያንዳንዳችን ከየት እንደመጣንና ለዚህ ሥራ ምን እንደሚያበቃን ያያል።

እኔን ምን ያበቃኛል? ሰዓዳ፣ የመርሳ ልጅ። የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ አሥራ ስድስት ዓመት። በርቀት የተማርኩት የማኔጅመንት ዲግሪ። አለቀ። ሁለት መስመር ተኩል።

እዚህ ማንም አያየኝምና የምፈልገውን ልጻፈው። ተመራማሪ ተብዬ መግባት እፈልጋለሁ። ተመራማሪ ከሆንኩ መሥሪያ ቤቴ ለሁለት ዓመት ይለቀኛል፣ ምን ይጠየቅ በሚለውም ላይ እናገራለሁ። መረጃ ሰብሳቢ ከሆንኩ መዝገብ እያወረዱ ማቀበል ነው። እሱንማ አሁንም እያደረግሁት ነው።

ባለቤቴ ሰዒድ አምስተኛውን ስጀምር አየኝና «የሰው መዝገብ ስታገላብጪ ኖረሽ የራስሽን መክፈት አቃተሽ?» አለኝ። ሳቅሁ። አምስተኛውንም ቀደድኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ወልድያ ደርሼ መጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ሰው የማሽላ ጆንያ ጭኖ እግሬን የማሳርፍበት አጣሁ፤ ያም ሆኖ በደስታ ነው የሄድኩት። ስመለስ ግን ተናድጄ ነበር።

የሌሎቹን የሙያ ታሪክ አየሁ።

ዶክተር መስፍን፦ ዐቃቤ ሕግ፣ ከዚያ ጠበቃ፣ ከዚያ የሕግ መምህር። ሁለት ገጽ ሞልቷል። አሥር መስመር ይበቃል ያለው ራሱ ነበር።

ትዕግሥት፦ የስታትስቲክስ መምህርት። እስከ ዛሬ የሠራችው በጤና ጣቢያ መረጃ ላይ ነው። «ፍርድ ቤት በር ላይ እንኳን ቆሜ አላውቅም» ብላ ስትነግረኝ ትንሽም አላፈረች። ወደድኳት።

እኔ፦ ሁለት መስመር ተኩል።

ዶክተር ወረቀቴን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። ክፉ ሰው አይደለም። «ሰዓዳ፣ እኔ ችሎታሽን አውቀዋለሁ፤ ኮሚቴው የሚያየው ግን ወረቀት ነው። የመረጃ አሰባሰብ አስተባባሪ ብለን ብናስገባሽስ?» አለኝ። እስከ ዓርብ ላስብበት አልኩት።

ከዚያ ትዕግሥት ሰንጠረዥ ከፈተች። ለሙከራ ብለው ከእኛ መዝገብ ቤት ቁጥራቸውን መርጠው ያስወረዱኝ መዝገቦች ናቸው። አንዱ ዓምድ ከሁሉም ረዝሟል፤ «ሁለቱም ወገን ባለመቅረባቸው የተዘጉ»። ዶክተር በደስታ ብዛት ከወንበሩ ተነሣ። ሕዝቡ በቀጠሮ ብዛት ተስፋ ቆርጦ ነው የሚቀረው፣ የጥናታችን ዋና ሐሳብ ይህ ነው አለ። ጠበቃ ነበርና ሲናገር ያሳምናል።

እኔ ግን ከቁጥሮቹ ውስጥ ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ። ባለጉዳዮቹን፣ መልካቸውን፣ በመስኮት በኩል ያሉኝን። ተስፋ የቆረጡ ሰዎች አልነበሩም። ይህን ልናገር አፌን ከፍቼ «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ሁለት መስመር ተኩል ያለው ሰው ሁለት ገጽ ያለውን ሰው ተሳስተሃል ይላል? እስከ መርሳ ድረስ ራሴን ስሰድብ መጣሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ዛሬ ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት የትዕግሥትን ዝርዝር ይዤ የተዘጉት መዝገቦች መደርደሪያ ጋ ሄድኩ። መዝገቦቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ የኋላ ሽፋናቸው ላይ የእርሳስ ነጥቤን ፈለግሁ።

ነጥቡን ማንም አላዘዘኝም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው የለመድኩት። ሰው ከገጠር መጥቶ በመስኮት ብቅ ይልና «እኅቴ፣ እኛ እንኳን ታርቀናል፣ እንዳትጠብቁን» ይለኛል። የዕርቁን ስምምነት በጽሑፍ አምጥታችሁ ዳኛው ፊት አስመዝግቡ እላቸዋለሁ። እሺ ብለው ይሄዳሉ፣ አይመለሱም። በቀጠሮው ቀን ይጠራሉ፣ የሉም፣ ይዘጋል። እኔም በኋላ የሚጠይቅ ቢመጣ እንዳልረሳ ብዬ በኋላው ሽፋን ጥግ ላይ በእርሳስ አንዲት ነጥብ አደርጋለሁ።

ለሁለት ከፈልኳቸው፤ ነጥብ ያለበትና የሌለበት። ነጥብ ያለበት ክምር ከፍ ብሎ ቆመ። ሁለቴ ቆጠርኩት፣ ወላሂ።

ትዕግሥት ጋ ደወልኩ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ይህን ያህል ዓመት ሙሉ ነጥብ ስታደርጊ?» አለች። አዎ አልኳት። «ለዶክተር ነግረሽዋል?» አልነገርኩትም። «ነጥብ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የሚያረጋግጥልን ሰው እንፈልግ። ነገ እመጣለሁ።»

ማስረጃ እንደሚሆን እንዴት እንደማሳያት አውቃለሁ። ከነጥቦቹ አብዛኞቹ ግራና የምትባለው ቀበሌ አካባቢ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ ያስታረቋቸው ደግሞ የአገር ሽማግሌው ሸህ ይማም ናቸው። ነገ እሷን ይዤ እሄዳለሁ። ለራት የተቀመጥኩበትን ቦታ እንኳን አላስታውስም፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ግራና። ሸህ ይማምን ማሳ ላይ ነው ያገኘናቸው፤ ማሽላ እየተቆረጠ ነው። ከሰዎቹ ነጠል ብለው ጥላ ሥር አስቀመጡን። ትዕግሥት በአክብሮት ራሷን አስተዋወቀች። «ቁጥር አዋቂ ነሽ በይኛ» አሏት። እኔን ልታስተዋውቅ ስትል ሳቁ፤ «እሷንማ እናውቃታለን። የመስኮቷ ናት።»

ለምንድን ነው ሰዉ ከታረቀ በኋላ ፍርድ ቤት መጥቶ የማያስመዘግበው ብዬ ጠየቅኋቸው። አሥራ ስድስት ዓመት ስገረምበት ኖሬ ጠይቄ አላውቅም።

«ልጄ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ሁለቱ ተቃቅፈው፣ ከአንድ ሳህን በልተው ሲያበቁ ተመልሶ ዳኛ ፊት መቆም ምን ማለት ነው? ዕርቁን አላመንሁትም ማለት ነው። ያን የሚያደርግ ሰው ሽማግሌዎቹን አሳፈረ። ስለዚህ አይሄድም። መዝገቡን እናንተ እንደፈቀዳችሁ አድርጉት።»

ትዕግሥት እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ። እኔን አየችኝ። ያንን ረዥም ዓምድ እያሰበች እንደሆነ አውቄያለሁ።

ከዚያ ዝርዝሩን እያነበብኩላቸው «እነዚህ ታርቀዋል፣ አዎ፣ እነዚህም፣ አልሐምዱሊላህ» እያሉ ሄዱ። እኔ እየፈካሁ ነበር። ዘሐራ ላይ ስደርስ ግን እጃቸውን አነሡ።

ዘሐራ የአባቷን መሬት ድርሻ ከወንድሟ ጠይቃ የከፈተችው መዝገብ ነው። ነጥብ አለበት።

«ዘሐራማ አልታረቀችም። ወንድሟ ብቻውን መጥቶ አስታርቁን አለ፣ እሷን ጥራና ና አልነው፣ አላመጣትም። ዱዓም አልተደረገ፣ ምንም አልተደረገ።»

«እኔ ዘንድ ታርቀናል ብለው ነጥብ...» ብዬ ቆምኩ።

«ማን ነገረሽ?»

ማን እንደነገረኝ ወዲያው ትዝ አለኝ። ወንድሟ ነበር። መስኮቱ ላይ ተደግፎ «እኅቴ ተስማምታለች፣ ጨርሰናል» ያለኝ እሱ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ነጥብ አደረግሁ። እሷ በቀጠሮው ቀን ስትቀር ማንም አልጠየቀ፤ እኔ ታርቀዋል ብያለሁና።

ስንመለስ በመንገድ ላይ ሌሎቹን ነጥቦች አሰብኩ። መስኮቴ ጋ መጥተው ታርቀናል የሚሉት ማን ናቸው? ወንዶች። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል። ባል ስለ ሚስቱ፣ ወንድም ስለ እኅቱ። ትዕግሥት «ለኮሚቴው ይህን አታንሺው፣ ነጥቡን ብቻ አንሺ» አለችኝ። ለእኔ አስባ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

የኮሚቴው አባላት አምስት ሰዎች ናቸው። ከመግባታችን በፊት ነገሩን ለዶክተር መስፍን ነገርኩት፤ ስለ ነጥቡም፣ ስለ ሸህ ይማምም፣ ስለ ዘሐራም። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ። «ማክሰኞ ለምን አልተናገርሽም?» አለኝ። ፈርቼ ነው አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «እኔም ጠበቃ ሳለሁ ያልመጣ ባለጉዳይ ጉዳዩን የተወ ይመስለኝ ነበር» አለ። ከዚያ በሩ ተከፈተና ጠሩን።

የሙያ ታሪክሽን ንገሪን አሉኝ። አንቀጹን ይዤ ነበር፣ አላነበብኩትም። አሥራ ስድስት ዓመት መስኮት ሥር ቆይቻለሁ አልኩ። ዳኛው የሚያየው ችሎት የገባውን ነው፣ ጠበቃው የሚያየው ደንበኛውን ነው፤ እኔ መጥቶ የተመለሰውን አያለሁ አልኩ። ነጥቡን ነገርኳቸው። ከአባላቱ ሁለቱ ተጠቃቀሱ። እዚያ ላይ ባቆም ይበቃኝ ነበር፣ ደስ ብሏቸዋል፣ ይታያል።

ቀጠልኩ። ስለ ዘሐራ ነገርኳቸው። አንዷ ነጥብ ውሸት ናት፣ ያደረግኋት እኔ ነኝ፣ ስንት እንደዚህ ያሉ እንዳሉ አላውቅም አልኩ።

ትዕግሥት ጠረጴዛውን እያየች ነው። ከኮሚቴው ጠና ያሉ አንዲት ሴት ነበሩ፤ እስከዚያ ድረስ አንድም ቃል አልተነፈሱም። «የተሳሳቱትን እንዴት ትለያለሽ?» አሉኝ።

አልተዘጋጀሁበትም፤ መልሱ ግን ከሐሙስ ጀምሮ ውስጤ ነበር። «ነጥብ ያለበትን እያንዳንዱን መዝገብ ይዤ ወደ ከሳሿ ቤት እሄዳለሁ። በሷ ፈንታ የተናገረውን ሰው ሳይሆን እሷን እጠይቃለሁ።»

እሳቸው ጻፉ። ሌላ ጥያቄ አልመጣም። ውጡ አሉን።

ኮሪደሩ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆምን። ዶክተር እየተንጎራደደ፣ ትዕግሥት ጥፍሯን እየበላች፣ እኔ በልቤ ዱዓ እያደረግሁ። በኋላ ዶክተርን ብቻውን ጠርተው አስገቡት። ሲወጣ ወረቀት ይዟል። ለእኔ ሰጠኝ። ከእሱ ስም ቀጥሎ የእኔ ስም ነው። ተመራማሪ። ዋናው ጥያቄም ተቀይሯል፤ ያልቀረቡት ለምን እንዳልቀረቡ፣ ከሳሾቹን ራሳቸውን በመጠየቅ።

ትዕግሥት አቀፈችኝ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፣ ዶክተር መሐረብ ሲፈልግ ኪሱን ሁሉ ገለበጠ። ከሰኞ ጀምሮ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው መስኮቱ ላይ ይቀመጣል። ሰዒድ ሲሰማ «አብሽሪ፣ መጀመሪያም አልጠረጠርሁም» አለ። ውሸታም፤ ሰኞ ምን እንዳለኝ ረስቶታል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ሳልተኛ ነጋ ማለት ይቻላል። ጠዋት ለማንም ሳልናገር ወደ ውርጌሳ ሄድኩ። ዘሐራ አሁን እዚያ ትንሽ ሱቅ ይዛ ትኖራለች፤ ሸህ ይማም ናቸው የነገሩኝ።

አወቀችኝ። «የመርሳ ፍርድ ቤቷ አይደለሽ?» አለች። ነኝ አልኳት። ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳት፤ ወንድሟ ምን እንዳለኝ፣ እኔ ምን እንዳደረግሁ፣ መዝገቡ እንዴት እንደተዘጋ። ይቅርታ ጠየቅኋት። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

ቀጠሮው ቀን ለምን እንደቀረች ጠየቅኋት። «ወንድሜ ከፍርድ ቤቱ በር መለሰኝ። ተዘግቷል፣ ጨርሼዋለሁ አለኝ። እኔም የናንተ ቤት ከእሱ ጋር የተስማማ መሰለኝ።» ከዚያ ሚዛኑን እያጸዳች ቆየችና «ወንድሜ ነው። ከሰሰችው ብሎ ስንቱ አፍ ከፍቶብኛል መሰለሽ» አለች።

እንደ አዲስ መክፈት እንደምትችል ነገርኳት። ሁለቱም ባለመቅረባቸው የተዘጋ ነውና ሕጉ ይፈቅድላታል፤ ማታ ለዶክተር ደውዬ አረጋግጫለሁ። ለጥናቱ ብዬ እንዳልመጣሁም፣ ባትከፍትም እንደማልቀየማት ነገርኳት። አንድ ሰው ስኳር ሊገዛ ገባ፣ ሸጠችለት፣ ወጣ።

«ብከፍት እዚያ መስኮት ላይ ማን አለ?» አለችኝ።

«ከሰኞ ጀምሮ እኔ የለሁም» አልኳት። «ግን በመስኮቱ በዚህ በኩል አብሬሽ እቆማለሁ።»

እሺ አላለችም፣ እምቢም አላለች። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል መርሳ መናኸሪያ እንደምጠብቃት ነግሬያት ተሳፈርኩ። ልሂድ ስል ሰኞ ሱቁን ማን ሊጠብቅላት እንደሚችል ሰዎቹን በጣቷ መቁጠር ጀምራ ነበር።