የዘይቱ መዝጊያ

ለወንድሜ ለደግላስ፣

እንደምን ከርመሃል? ኒውዚላንድ ሙቀቱ ጀመረ አሉ። እኛ እዚህ ውልቨርሃምፕተን ዝናቡ አልለቅ አለን እንጂ እኔና ማቪስ እግዜር ይመስገን ደኅና ነን።

የአባባ ሞተር ብስክሌት ቆሞ ሲከርም ዘይቱ ከማጠራቀሚያው እየወረደ ሞተሩን ስለሚሞላው ቱቦው ላይ ትንሽ የቧንቧ መዝጊያ ገጠምኩለት። በፋሲካ ሰሞን ግን ሳልከፍተው ነዳሁና ሞተሩ ዘይት አጥቶ ተቃጠለ። ካደስኩት በኋላ፣ መዝጊያው ካልተከፈተ ቁልፉ ቢዞርም ሞተሩ እንዳይነሳ በኤሌክትሪክ ሽቦ ከማስነሻው ጋር አያያዝኩት። የሞተር ብስክሌት ክበባችን ሰዎች "ቧንቧ ሠሪው መጣ" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ማክሰኞ ልነዳ ስወጣ መሪው ላይ "መጀመሪያ ዘይቱን ክፈት" የሚል ካርቶን ተንጠልጥሎ አገኘሁ።

"ማነው ደግሞ አለቃ የሆነብኝ?" አልኳት ማቪስን።

"አንተው ነህ የኔ ውድ፤ እሁድ ዕለት ጻፍከው" አለችኝና ኩሽና ገብታ ውሃውን ከፈተችው። ብዙ ቆየች። የሚታጠብ ዕቃ ግን አልነበረም።

በል እንግዲህ፣ ቤተሰቡን ሁሉ ሳምልኝ። ስትጽፍልኝ ከስምህ ሥር "ወንድምህ" ብለህ ጨምርበት፤ ማቪስ እንደዚያ ይሻላል ትላለች።

ወንድምህ ሲሪል