ወንዙ የቆመበት ቀን

መጋቢት 19 ቀን 1930፣ ቡታጅራ

ፈትል ላይ ዋልኩ። ሁለት ልቃቂት። ሙቀቱ አይጣል ነው።

ጎረቤቴ ከድጄ መጥታ ደጃፌ ላይ ተቀመጠች። ባሏ ሽፋ ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ ለቀማ ተወስዷል። ከየቤቱ አንድ ወንድ ነው የሚሉት። "አንቺስ ወንድ የለሽም፣ ተገላገልሽ" አለችኝና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ሳቅኩላት። ባሌ ፈቃደ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ይህም ደብተር የእሱ ነበር። ጽሑፍ ቤት ሲውል ከዳዊቱ ላይ ፊደል እየለየሁ ብቻዬን እንደተማርኩ አላወቀም። ብዙ ነገር አላወቀም…

መጋቢት 21

ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። ከተማው ላይ ጥቂት ነው። ሲያባራ ደመናው ተነሣ… ዘቢዳር ተራራ ነጭ! ከጫፉ እስከ ወገቡ። ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ ቆመ። ውሻ እንኳ አልጮኸም። ሽማግሌው ሸረፋ መቁጠሪያቸውን ይዘው "ሱብሃነላህ፣ ሰባ ዓመት ስኖር እንዲህ አላየሁም" አሉ።

"እትዬ ወርቅውሃ፣ ሰማዩ ጥጡን አራገፈልሽ፤ ፍተይ እንግዲህ!" አለችኝ ከድጄ።

ጀምበር ስትጠልቅ ነጩ ተራራ ቀላ። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ሌላው ሰው አዲስ ነገር ነው የሚያየው። እኔ ግን አውቀዋለሁ። በጎንደር በኩል፣ ጃናሞራ፣ ሙሽራ ሳለሁ… ይቅር።

መጋቢት 22

ሌሊቱንም ጠዋቱንም ጣለ። ከላይ የመጡ ሰዎች "በረዶው ከገደሉ እየተንሸራተተ ሸለቆውን ሞልቶታል፣ ቁመቱ ቤት ያህላል" አሉ። ሽፋ ይህን ሲያወራ ይስቃል። እኔ ለምን ሳቅ እምቢ አለኝ?

አማቴ፣ የፈቃደ አባት፣ በየዓመቱ ይሉት ነበር፦ የመጀመሪያው በረዶ ሽምብራ ነው፣ ይንከባለላል፤ ከላዩ የተከመረ አይጸናም። ደጋግመው ሲሉት የሽማግሌ ወግ ይመስለኝ ነበር።

መጋቢት 23

ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ጠዋት ስነሣ አንድ ነገር ጎደለኝ። ምን እንደሆነ ያወቅሁት እንስራዬን አዝዬ ስወጣ ነው። የወንዙ ድምፅ የለም። ወረድኩ። ውሃው ቆሟል! ያ ሁሉ ዝናብና በረዶ ወርዶ፣ ወንዙ ድርቅ ብሏል። ድንጋዮቹ እንደረጠቡ ያብረቀርቃሉ። እዚህም እዚያም ትንሽ ኩሬ ቀርታለች። አምላኬ፣ የወንዝን ሆድ ባዶውን ማየት…

የመንገዱ ሠራተኞች ወንዙ ውስጥ ገብተዋል፣ አርባ ይሆናሉ። ደስ ብሏቸዋል፤ ድንጋይ እንደ ልብ ነው። የጣሊያኑ ሹም ዳር ቆሞ በአለንጋው ወደ መሐል ይመራቸዋል።

ጃናሞራ የዚያን ለትም ወንዙ እንዲሁ ቆሞ ነበር። ከሁሉ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። የፈቃደ እህት ፀዳለ እንስራ አንሥታ ስትወርድ አማቶቼ ደጅ ተቀምጠዋል። ሙሽራ አማት ፊት አትናገርም። ተከናንቤ ዝም አልኩ። ሌላ ሰው ይናገራል ብዬ… ማንም አልተናገረም። ፀዳለን የታሰረው ውሃ ተለቅቆ ወሰዳት። ፈቃደ ዕድሜውን ሙሉ እህቱን አለቀሰ። አብሬው አለቀስኩ። አይቼ እንደነበር ግን አልነገርኩትም።

ሽፋን ጠርቼ "ውጣ፣ ውሃው ከላይ ታስሯል፣ ሲለቅ ይጠርጋችኋል" አልኩት።

"እሰይ! ጣሊያን ያላሰረው ወንዙን ብቻ ነበር፣ እሱም ገባ?" አለ። ሰዎቹ አውካኩ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አለንጋውን አላዩትም፣ እትዬ?"

አስተርጓሚው አዳነ ጋ ሄድኩ። ለሹሙ ነገረው። ሹሙ ዝንብ እንደሚያባርር እጁን አወናጨፈ። "እሜቴ፣ ይሂዱ፣ ይገርፍዎታል" አለኝ አዳነ።

ያኔ ከላይ ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ። በዚህ ሙቀት፣ የሸለቆ ትንፋሽ። ከኋላው እንደ ሩቅ ወፍጮ ያለ ድምፅ።

ከአፌ ምን ወጣ?

"በንጉሥ አምላክ!"

ጣሊያን ከገባ ሁለት ዓመት ማንም ደፍሮ ያልጠራው። ሰው ሁሉ ባለበት ቀጥ አለ። ድንጋይ የተሸከመው እንደተሸከመ፣ ያጎነበሰው እንዳጎነበሰ። ለካ በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው አይራመድም! ውጡልኝ ብዬ እዚያው ተከልኳቸው። ወይ እኔ ሞኟ!

"ወደ እኔ! በንጉሥ አምላክ፣ ሁላችሁም ወደ እኔ!" ጮህኩ። ይህ ድምፅ የኔ ነው? ችሎት እንደተጠራ ሰው ድንጋዩን እየጣሉ ወደ ዳር ወጡ። ሸክሙን ሳይጥል የወጣም ነበር።

የመጨረሻው ሰው እግሩን ከወንዙ አንሥቶ ሳይጨርስ ጎርፉ ደረሰ። ውሃ አይደለም። ነጭ ነገር ነው፤ ጭቃና በረዶ ተላቁጦ፣ ቤት የሚያህል ቋጥኝ እንደ እንቁላል ተሸክሞ። ከነሥሩ የተነቀለ እንሰት ቆሞ ይሄዳል። ቋጥኝ ከቋጥኝ ሲጋጭ ምድር በእግሬ በኩል ተናገረችኝ። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያያል። ሹሙም ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዟል። የተከመረው ድንጋይ ሁሉ የለም። ሰው ግን ቆጠርን፣ አንድም አልጎደለም።

ሹሙ ወደ እኔ እያመለከተ አዳነን ጠየቀው። ንጉሥ የሚለውን ሰምቶ ይሆን? አዳነ ላቡ ይንቆረቆራል። "'ጎርፍ መጣ' አለች አልኩት" ብሎ ቆይቶ ነገረኝ። "እሜቴ፣ ሁለተኛ እንዲህ እንዳያስዋሹኝ።"

መጋቢት 24

በወንዙ ዳርና ዳር በረዶው ተከምሯል። ፀሐይ ሲነካው ይጨሳል። ነካሁት። እንዴት እንዲህ ንጹሕ ይሆናል?

መጋቢት 27

ከድጄ ቆጮና ጎመን ይዛ መጣች። "ቅቤ የለውም፣ ጾምሽን አውቃለሁ።" እጄን ስማ አለቀሰች፤ ሽፋን ከሞት አወጣሽልኝ አለች። ምስጋናውን መሸከም አልቻልኩም። የፀዳለን ነገር ነገርኳት። ሁሉንም። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

የምታጽናናኝ መስሎኝ ጠበቅሁ።

"ታዲያ ለኔ መንገርሽ ምን ያደርጋል?" አለች። "የልጅቷ እናት በሕይወት አለች አላልሽም?"

ተቆጣሁባት። ቆጮውን ሳልነካ ሸኘኋት።

ሚያዝያ 2

አምስት ቀን እየጻፍኩ ቀደድኩ። እስከ ዛሬ የጻፍኩት ለራሴ ብቻ ነው። ለሰው ሲሆን ከየት ይጀመራል? በመጨረሻ ከዚህ ደብተር አንድ ቅጠል ገንጥዬ ጻፍኩ፦

"እናቴ ሆይ፣ ፀዳለ የወረደች ለት ወንዙ መቆሙን አይቼ ነበር። አልተናገርኩም።"

አማቴ፣ የፀዳለ እናት፣ ማንበብ አይችሉም። ቄሱ ናቸው የሚያነቡላቸው። እንግዲህ አገሩ ሁሉ ይሰማዋል። ይስማ።

ወደ ጎንደር የሚዘልቅ ነጋዴ ገበያ ላይ አገኘሁ። ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ በቅሎውን ነዳ። ከዋርካው ጋ ሳይደርስ ልቤ መታ። አንድ ጊዜ ብጮህ ይመለሳል። መጮህ ደግሞ እችላለሁ።

አልጠራሁትም።

ከዚያ ከድጄ ቤት ሄድኩ። "ያ ቆጮ ተረፈ?" አልኳት።