ከአበባ የተሠራው መፈክር

እንጅባራ
መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት አባቴ ለአቶ ይርሳው
ጃዊ

የቆላው ሙቀት ይብረድልዎት፣ ጉልበትዎም ይጠንክር እያልኩ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ኢስማኤል፣ አንተም ሰላም ነህ? ለአባባ ስታነብላቸው እንደ ባለፈው «ይሄ አይጠቅምም» እያልክ እንዳትዘል። ሱቅህ ደንበኛ መጣ ብለህም መሀል ላይ እንዳትተዋቸው።

አባባ፣ የምሠራበት የዕፅዋት ማዕከል ተራራ ዘንድሮ እንዴት አብቦ እንደነበር ባዩት! ከበሩ እስከ ጫፉ አደይ ብቻ፤ ከሥሯ ነጭና ሐምራዊ ጥቃቅን አበቦች። ረግረጉ ዳር ደግሞ እርስዎ ልጅ ሳሉ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያዩዋት የነበረችው፣ የተለኮሰ ችቦ የምትመስለው ቀይ አበባ። ዘሯን አመጣልዎታለሁ ብዬ አልነበር? የተመረቅኩት ለዚህ ነው እያልኩ ጠዋት ጠዋት ጭቃውን እየዘለልኩ እወጣ ነበር።

ባለፈው ሳምንት እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። አለቃችን ሀይለመለኮት ማጭድ የያዘ ሠራተኛ ሰበሰበ።

«ምን ሊታጨድ ነው?» አልኩ።

«አበባው ነዋ! ታች ሜዳው ላይ ‹ተፈጥሮን እንጠብቅ› ብለን በአበባ እንጽፋለን።»

«ዘሩን ሳይጥል? የከርሞው ከየት ይበቅላል?»

«አንቺ ልጅ፣ እነዚያ ሰዎች በዚያ ጫማቸው ሽቅብ የሚወጡ መሰለሽ? አበባው ይውረድላቸው እንጂ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ።

ታጨደ። ተራራው የተላጨ ራስ መሰለ። እንግዶቹ መጡ፣ «ተፈጥሮን» የሚለው ላይ ቆመው ፎቶ ተነሡ፤ አንዱማ የጫማውን ጭቃ «እንጠብቅ» ላይ ጠረገ። ሻያቸው ሳይበርድ ሄዱ። ከዚያ ዝናብ መጣ። በማግስቱ ያ ሁሉ አበባ ይሸት ጀመር፤ እንደ ረጠበ ሣር አይደለም፣ እንደ ሞተ ነገር። ዝንብ ወረረው። ጠራርጌ ስጥል እጄ ላይ የቀረው ዝልግልግ በሳሙና አልለቅ ብሎኝ እንጀራ መቁረስ ተጸየፍኩ። ከሽታው ይልቅ ግን ያቅለሸለሸኝ የአለቃችን ፈገግታ ነው። «አየሽ እንዴት እንዳማረ!» ይለኛል፣ ዝንቡን ከአፉ እያባረረ።

ትናንት ቢሮው ጠራኝ። ሌሎች እንግዶች አሉ።

«ቢጫው አልቋል። ቀዩ የት እንዳለ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ አጫጆቹን ይዘሽ ውጪ። የቋሚ ቅጥርሽንም ነገር እናስብበታለን» አለኝ።

ቋሚ ቅጥር የሚለውን ቢሰሙ እንዴት ደስ እንደሚልዎት አውቃለሁ፣ አባባ።

«ቀይ አበባ እዚህ ተራራ ላይ የለም» አልኩት።

«እኔን ነው የምትዋሺው?»

«አዎ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ የተባባልነውን በሱቅ መሀል ስለሚነበብ ልተወው። ብቻ ደህና ነኝ፣ አያስቡ። ትንሽ እረፍትም አግኝቻለሁ። ማር ሲልኩልኝ ግን በመሥሪያ ቤቱ በኩል አይሁን፤ አክስቴ ማሪቱ ቤት ይድረስ። ዳንግላ አንድ የችግኝ ጣቢያ ሰው ይፈልጋል ሲሉ ሰምቼ ሰኞ በጠዋት በሚኒባስ እሄዳለሁ። እዚያ ያሰብኩትን ሁሉ ስሠራ ያዩኛል!

ቀይዋ እንደቆመች ናት። ዛሬ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። የበሩ ጠባቂ ጋሽ ትዕዛዙም «ኅዳር ላይ ዘሯ ሲደርቅ ነይ፤ እኔ ያን ቀን ፊቴን ወደ መንገዱ አዞራለሁ» ብለውኛል። ራሴ ይዤልዎት እመጣለሁ። ቆላ ላይ እንደማትበቅል የተማርኩት ይነግረኛል። ቢሆንም በእጅዎ ይይዟታል።

እስከዚያው ፈጣሪ ዓይንዎንና ጤናዎን ያቆይልኝ።

ልጅዎ
ትህትና ይርሳው

ኢስማኤል፣ ይህቺ ላንተ ብቻ ናት፣ ጮክ ብለህ አታንብባት። አባባ «እረፍት ስትል ምን ማለቷ ነው?» ካሉህ፣ የዓመት ፈቃድ ነው በላቸው።