ሦስተኛው ልመና

ጎልዌይ፣ አየርላንድ

ልጄ ኢመር፣ በሄድሽበት ሁሉ እግዚአብሔር ይከተልሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ጣሪያው ግን ዛሬም ያፈሳል፣ ሠሪውም ዛሬም ይዋሻል።

ለቅድስት ብሪጂድ በዓል ወዳዘጋጀነው የሻይ ግብዣ ጎረቤታችን ዴርቭላ መጣች! ዘጠኝ ዓመት ያኮረፈችኝ፣ ያኔ ሻይ ልቀዳላት ስል ገና አንዴ «ይቅርብኝ» ስትል አምኛት ማንቆርቆሪያውን ስለመለስኩ ነው።

«ሻይ ልቅዳልሽ?» አልኳት።

«አይ፣ አትቸገር።»

«ትንሽ ብቻ?»

«ኧረ አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት!»

እናትሽ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ጥርሴን ነክሼ «በሞቴ!» አልኩ።

«እንግዲህ ካስጨነቅከኝ...» አለችና አራት ስኒ ጠጣች፤ የሶዳ ዳቦውንም ጨረሰችው። አሸነፍን!

ልጄ፣ ለመከሩ የሻይ ግብዣችን እንድትመጪ ሁለቴ ጠይቄሽ ሁለቴ «አይመቸኝም» ብለሻል። ይኸው ሦስተኛዬ፤ በሞቴ ነይ። ቤትሽ እንግዳ አይጣ።

አባትሽ ፊንታን