ሦስተኛዋ ሮንዴላ

አጎታችን ለመጨረሻ ጊዜ በሠሩበት ጠዋት ጠረጴዛቸው ላይ አንድ የታደሰ የመኪና ካምቢዮ ነበር። ክዳኑ ተገጥሟል፤ አሥራ ሁለቱም ብሎኖች ገብተዋል፤ አንዳቸውም ገና አልጠበቁም። ካቻቪቴያቸው በስተቀኝ፣ መነጽራቸው ከአጠገቡ ተቀምጧል።

አጎታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። በ1968 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በመካኒክነት ተመርቀው፣ ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ ካምቢዮ በሚያድስ ወርክሾፕ ሠሩ። የዋስትና ጊዜው ሳያልቅ ካምቢዮው ለተበላሸ መኪና ምትኩ የሚላከው ከዚያ ነው። የደህናው ወሬ አይሰማም። የሚመለሰው የተበላሸው ብቻ ነው፤ የሚከፍተውም የገጠመው ሰው ራሱ ነው።

በ1979 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ፤ ልጅ አልወለዱም። ባለቤታቸው በ1998 ዓ.ም. አረፉ። አጎታችን በቀብሩ ማግሥት ሥራ ገብተው የገጠሙት ካምቢዮ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ሄዶ ተመለሰ። ሲከፍቱት ከኩሽኔታው ሥር ከሚገቡት ሦስት ቀለበት መሳይ ቀጫጭን ሮንዴላዎች አንዷ የለችም። በሐዘን ኮታቸው ኪስ አገኟት።

ከዚያ ወዲህ የገጠሙትን ሁሉ ብሎኑን ከማጥበቃቸው በፊት ከፍተው ዳግም ይቆጥሩ ነበር። ባልደረቦቻቸው «ጋሼ፣ እንቁላል ነው እንዴ የታቀፉት?» ሲሏቸው፣ «ከተፈለፈለ በኋላማ ማን ያሳየኛል!» ይሉ ነበር። ቤታቸው ሁለት ወንበር ነበረ፤ በአንደኛው ላይ ለአሥራ ስምንት ዓመት ጋዜጣ ብቻ ተቀመጠበት።

ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ሥራ ላይ እንዳሉ ግራ እጃቸው ከዳቸው። ሆስፒታል በተኙባቸው አሥራ አንድ ቀናት የወንድማቸውን ልጅ፣ እህታችንን፣ ደጋግመው የጠየቋት አንድ ነገር ነው፤ «ሦስተኛዋን አስገብቻታለሁ?»

«አዎ አጎቴ፣ አስገብተዋል።»

«አይተሻል?»

አላየችም። ወርክሾፑ ሄዳ ጠረጴዛቸው ላይ የቀረው ካምቢዮ እንዲከፈት ብትለምን፣ ኃላፊው «እሳቸው የገጠሙትን እኛ ምን ቆርጦን እንከፍታለን? ድነው ይመጡ የለ!» አሏት። በአክብሮት ነው እንቢ ያሉት።

አጎታችን ጥር 23 ቀን በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከኋላቸው የቀረነው እኛ የወንድማቸው ልጆችና የሥራ ባልደረቦቻቸው ነን። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከባለቤታቸው ጎን ያሳርፍልን፤ መልስ ያልሰጠናቸውንም ያጽናን።

ካምቢዮው በማግሥቱ ተከፈተ። ሦስቱም ሮንዴላዎች በቦታቸው ነበሩ። ብሎኖቹ ከጠበቁ በኋላ ካምቢዮው መፈተሻ ማሽን ላይ አራት ሰዓት ሙሉ ዞረ፤ ጠብ ያለ ዘይት አልተገኘም።